የሚሰምጠውን የመረጠው ጥላዬ

ጋሽ ጥላዬ መሞቱን የነገረኝ ከራቤል በግ ነድቶ ደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ነው። ሱሪውን ላሳጥርለት ቁመቱን እየለካሁ ሳለ፣ የሞላሌ ሰው መሆኔን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ «እኛ አገር ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት የናንተ ሰው ነበር፤ ታውቀው ይሆን?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ፤ ምነው?»

«አረፈ እኮ። ከፋሲካ በፊት ነው።»

«ማን ቀበረው?»

«ቄሱና ጎረቤቶቹ፣ ማን ይቀብረው! ዘመድ ነኝ ብሎ የመጣ የለም።» ቀጠለና፣ «በባሕር ውስጥ ሲሠራ ነበር ይሉታል፤ እውነት ነው? እኛስ ውሸት ነው እንል ነበር። ከብት የምናጠጣበት ወንዝ ዳር እንኳ ደርሶ አያውቅም።»

እውነት ነው አልኩት። ሰውየው ሱሪውን ይዞ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ሌላ ልብስ መስፋት አልቻልኩም።

ጋሽ ጥላዬ ሞላሌ የመጣው በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ገበያው ዳር አንዲት የስፌት መኪና ተክዬ ኑሮ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ከሱቄ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራየ። እንግዳ አልነበረም፤ አባቱ እዚያው ማማ ምድር ቄስ ነበሩ። እሱም ድቁና ተቀብሎ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ ተባለ። ሲመለስ አባቱም እናቱም አልቆዩትም፤ እሱም ራሱ ሸብቷል።

በመካከል ያለውን ዘመን የጨረሰው ምጽዋ ነው። ወደብ ላይ ጠላቂ ነበር። የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ፣ መስታወት ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ከመርከብ ሥር ገብቶ የመርከቡን ሆድ ይፍቃል፤ በጭቃ የተቀበረ መልሕቅ ፈልጎ በገመድ ያስራል። አንድ ቀን ታች ብዙ ቆይቶ ሳለ አየሩ አለቀበትና በአንድ ጊዜ ወጣ። ውሃ ተቻኩለው ሲወጡበት አይምርም። ግራ እግሩ ያዘው፣ ቀኝ ጆሮው ደነቆረ። አሰሪዎቹም አሰናበቱት። ይህንን ሲናገር ማንንም አይወቅስም ነበር። «ቀስ ብዬ መውጣት ነበረብኝ፤ ተጣደፍኩ» ነው የሚለው፣ ያው በቃ።

ሁለት ነገሩን መቼም አልረሳም። ሲያወራ ሁልጊዜ ደህናውን ጆሮውን ወዳንተ አዙሮ ስለሚቀመጥ፣ የምታየው ግማሽ ፊቱን ብቻ ነው። ደግሞ ሰው ሲናገር ዓይን አያይም፤ ደረት ነው የሚያይ። ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምቶ ከደጁ ላይ ሆኖ፣ «ሰይፉ፣ ትንፋሽህን እያባከንከው ነው» ይለኛል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። እሱ ሰውን የሚያውቀው በትንፋሹ ነው።

የቆርቆሮ ሳጥኑን የከፈተልኝ አብረን ከሰነበትን በኋላ ነው። መስታወቱና ሁለት ጥንድ የእግር ጎማ አሉበት። ጎማዎቹ ጫፋቸው እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ፣ ተረከዝ ላይ በጠፍር የሚታሰሩ ናቸው። አንደኛው ጥንድ ሰማያዊ፣ ቀላል፣ ገና አዲስ ነው፤ ሲሰናበት አንድ የመርከብ ሰው ሰጥቶታል። ሌላው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ አፉ የተፋፋቀ አሮጌ ነው።

«የቱ ይሻላል?» አልኩት።

ከጣሪያው ሥር ወዳለው የዝናብ ውሃ በርሜል ወስዶ ከየጥንዱ አንዳንድ ጣለ። ሰማያዊው ላይ ቀረ። ጥቁሩ ቀስ እያለ ወረደና በርሜሉ ወለል ላይ ተኛ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ከቦናል፤ ሳቁ።

«እኔ የሰመጠውን ነው የምመርጥ» አለ ጋሽ ጥላዬ።

ከቆሙት አንዱ፣ «ወደ ውሃ የሚገባ ሰው የሚያንሳፍፈውን አይደለም እንዴ የሚይዝ?» አለ።

«ለመንሳፈፍ ከሆነ የምገባው፣ አዎ። እኔ ጉዳዬ ታች ነው። ይህ ቀላሉ እግሬን ወደ ላይ ይስብብኛል። እግሬ ሽቅብ ሲሄድ ጭንቅላቴ ይደፋል፣ ወገቤ ይታጠፋል። ከውሃው ጋር መታገሉ አንሶኝ ከገዛ እግሬ ጋር ልታገል? ጥቁሩ ግን እኔ ባቆምኩት ቦታ ይቆማል።» ጥቁሩን ከበርሜሉ አውጥቶ በጋቢው ጠረገው። «ደግሞ በጣም የከበደም አይሆንም። እንደ ድንጋይ የሚወርድ ከሆነ መመለሻ ያሳጣል። ቀስ ብሎ የሚሰምጥ ነው ደጉ።»

ሰዉ እየሳቀ ተበተነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሞላሌ ገበያ ስሙ «ጎማ እግሩ» ሆኖ ቀረ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በዚያው ክረምት ወደ መርሐቤቴ የሚሻገር አንድ ነጋዴ የአዳባይን ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው ጠፋ። ቤተሰቡ ያለ ሬሳ ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ ጥላዬ ሳይጠራ ሄደ፤ ከድንጋይ ሥር ከተወሸቀበት አውጥቶ ሰጣቸው። የአየር ጠርሙስ በመንዝ ከየት ይመጣል? በትንፋሹ ብቻ ነው የገባው። ነጋዴው ፍትሐት ተፈትቶለት ተቀበረ። ሚስትየዋ የጋሽ ጥላዬን እግር ስማ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ከየቆላው ይጠሩት ጀመር። ግን ማንም የሚጠራው ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለቅሶው ተጀምሮ፣ ደረት ተደቅቶ፣ «እንግዲህ አጥንቱን እንኳ እንቅበር» ሲባል ነው ጥላዬ የሚታወሰው። እያደር ሰዉ ፈራው። ያን ሳጥን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ያየ ሁሉ፣ «ደግሞ የማን ቤት ይሆን?» እያለ ያማትባል። እናቶች ልጆቻቸውን ከደጁ ይጠራሉ። ባሏ ለሞተባት አንዲት ሴት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ደህና ሰው ነበረች፤ ግን «ሬሳ የለመደ እጅ ከኔ ገበታ አይቀርብም» ብላ መለሰቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲነግሩት እኔም እዚያ ነበርኩ። «ልክ ናት» አለ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ሰይፉ፣ አንድ ጊዜ፣ እንዲያው አንዲት ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ይዤ ብወጣ ምን አለበት?» አለኝ።

ያ ጊዜ በሌላ ዓመት ክረምት፣ በነሐሴ መጣ። ወይም የመጣ መሰለን።

ከቆላው አንድ ገበሬ እየሮጠ ደረሰ። ጋሽ ጥላዬ ገና ሲያየው ሳጥኑን አነሣ።

«የት ላይ ነው የወደቀው?» አለው።

«አልወደቁም። እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። በሕይወት አሉ።»

ጋሽ ጥላዬ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠበት። «በዚህኛው ጆሮዬ በኩል ዞረህ ድገምልኝ» አለው።

እማሆይ ከወንዙ ዳር ባለች ዋሻ ለብዙ ዘመን በጸሎት የኖሩ መነኩሲት ናቸው። የዋሻዋ አፍ ዝቅተኛ ነው፤ ውስጧ ግን ወደ ላይ ከፍ ይላል። ወንዙ ሞልቶ አፏን ደፍኖታል። እማሆይ በውስጥ በኩል ካለው ከፍታ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። ይህ የታወቀው ከዋሻዋ በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ስላለ፣ በእሱ በኩል ጸሎታቸው በመሰማቱ ነው። በዶማ ቢሞክሩት ድንጋዩ አልነካ አለ።

እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬው ወረድኩ፤ ቁልቁለት እግሩን ስለሚያስቸግረው ሳጥኑን ተሸከምኩለት። በመንገድ አንድ ቃል አልተናገረም። ትንፋሹን እየቆጠበ ነበር።

አዳባይ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ጋሽ ጥላዬ ስንጥቁ ላይ ደህናውን ጆሮውን ደግፎ ብዙ አዳመጠ። ሲነሣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። «በደንብ ይተነፍሳሉ» አለ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም።

ጥቁሩን ጎማ አሰረ፤ በቆዳ ከረጢት የተቋጠረ ቆሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። እኛ ዳር ላይ ቆመን ስንጠብቅ የእያንዳንዳችን ትንፋሽ አለቀ። ሞቷል ስንል በስንጥቁ በኩል ድምፁ ተሰማ። ደርሷል! ሴቶቹ እልል አሉ። ምን እንደሚባባሉ ግን በውሃው ጩኸት ሊለይ አልቻለም።

ሲወጣ ብቻውን ነው። ግንባሩ ተፍቋል፤ ከጥቁሩ ጎማ አንደኛው በድንጋዩ ስለት እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል።

«እማሆይስ?» አልነው።

«ውሃው ሲጎድል እወጣለሁ አሉ። ስንት ክረምት እዚህ አሳልፌያለሁ፣ ሁልጊዜም ይጎድላል አሉ።» አለና የተሰነጠቀውን ጎማ መፍታት ጀመረ። እየፈታ፣ «ውሃው ግን ጉልበታቸው ደርሷል» አለ።

ያኔ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ደጋው አየን። የመንዝ ሰማይ ጠቁሮ ነበር።

እንደገና ሊገባ ሰማያዊውን ጎማ አሰረ። የዋሻዋ መግቢያ ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ወለሉ ላይ ተለጥፎ ካልሆነ አይታለፍም። ሰማያዊው ግን እግሩን ወደ ላይ እየወሰደ ከጣሪያው ድንጋይ ጋር አጣበቀበት። ተገልብጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡት። አንድ ሽማግሌ፣ «ድንጋይ እሰርበትና ይክበድ» አሉ። እሱንም ሞከረው። «ድንጋይ የታሰረ እግር ይወርዳል እንጂ አይቀዝፍም» ብሎ ፈታው። ያለ ጎማም ገብቶ ነበር፤ ወንዙ ከዋሻዋ አፍ አሻግሮ ወረወረው።

«ሰይፉ፣ ሞላሌ በረባሶ የሚሠራው ዳኜ የመኪና ጎማ ይኖረዋል?» አለኝ።

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣነው አላውቅም። ዳኜን ከቤቱ አስጠርተን አሮጌ ጎማዎቹን ሁሉ አወጣን። ጋሽ ጥላዬ ከየዓይነቱ እያስቆረጠ ወደ በርሜሉ ይጥላል። የጎማው የውስጥ ላስቲክ ይሰምጣል፤ ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ተወው። መሬት የሚረግጠው ወፍራሙ ክፍል እንደ ብረት ተወርውሮ ወረደ፤ «ይህ እዚያው ያስቀረኛል» ብሎ ተወው። ከጎማው ጎን በኩል የተቆረጠው ሳሳ ያለ ነው፤ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሲያጥፉት ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። «ይኸው!» አለ። ዳኜ ቆረጠ፣ እኔ በቆዳ ክር ከጠፍሩ ጋር ሰፋሁ። ጣቴ እስኪደማ ሰፋሁ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲጀምር ጋሽ ጥላዬ ቀና ብሎ አየውና አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ከወንዙ ስንደርስ ሰዉ ስንጥቁን ከቦ ቆሟል። ማንም ሊነግረን አልፈለገም። በመጨረሻ እኒያ ሽማግሌ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸው የለም፤ ቀድሞ ‹ኪርያላይሶን› ሲሉ ይሰማ ነበር» አሉ።

ጋሽ ጥላዬ ጆሮውን ስንጥቁ ላይ ደገፈ። ከዚያ ቀድሞ ካዳመጠውም በላይ ቆየ። ተነሥቶ አዲሱን ጎማ ማሰር ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ አልቋል እኮ! ውሃው ከትናንቱ ብሷል።»

«እዚያ አይቀሩም» አለ።

ጎማው እንዳሰበው ሠራ። ይህ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፤ ምንም እንከን አልነበረውም። ሄዶ፣ ገብቶ፣ እማሆይን ታቅፎ ወጣ። ትንሽ ሴት ነበሩ። ቆባቸው ከራሳቸው አልወለቀም። የቆሎው ቋጠሮ ሳይፈታ መቀነታቸው ላይ ነበር።

ልጃቸው ቄስ አስራት ከደጋው አጥቢያቸው የደረሱት ያን ጊዜ ነው። እናታቸው በሕይወት አሉ ተብለው ነበር የተጠሩት። ሬሳውን አዩ፤ ከዚያ ጋሽ ጥላዬን አዩ፤ እሱ ገና ውሃው ከሰውነቱ እየወረደ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት ገብተህ ነበር?» አሉት።

«ገብቼ ነበር፣ አባቴ።»

«በሕይወት አግኝተሃት ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልጎተትካትም? እንቢ ብትልስ! አሮጊት አይደለችም? እንደ ሕፃን አቅፈህ አታወጣትም ነበር? ሬሳዋን ለማውጣት ጉልበት አላጣህም!»

ቄሱ ለመልስ አልቆሙም፤ እናታቸው ላይ ወድቀው አለቀሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሐዘን ያናገራቸው ነው። ያቺ ንግግር ግን እኛ ሞላሌ ሳንደርስ ሞላሌ ደርሳ ጠበቀችን። «መነኩሲቷን በሕይወት ትቷት ወጣ» ተባለ። ሌላው ደግሞ፣ «እሱ ሬሳ ካልሆነ አይወድም» አለ። ሲጠሩት የኖሩ፣ ዘመዶቻቸውን ያወጣላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሰላምታ ነሱት።

መስከረም ሳይጠባ ቤቱን ለቀቀ። ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ወንዝ ወደማይሰማበት» አለኝ። ሳጥኑን ከነዕቃው ለዳኜ ሰጠው፤ ዳኜ ጎማዎቹን ቆራርጦ በረባሶ አደረጋቸው።

ከዓመታት በኋላ የሱፍ ክር ልገዛ ጊሼ ወጥቼ ራቤል ላይ አገኘሁት። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጉብታ ላይ ባለች ጎጆ ውስጥ ባና ይሠራል። እርጅና ጎድቶታል፤ እግሩም ብሶበታል። ደስ አለው መሰለኝ፤ አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ሞላሌ ሰው አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ እጁን ከሥራው ሳያነሣ፣

«ሰይፉ፣ እማሆይ ያሉኝን ለማንም አልተናገርኩም» አለኝ።

«ውሃው ሲጎድል እወጣለሁ አሉ አላልክም?»

«እሱ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ሊከተሉኝ ተነሥተው ነበር። ቀሚሳቸውን ሁሉ ሰብስበው ታጥቀው ነበር። ከዚያ እጄን ያዙና፣ ‹ልጄ፣ ብከተልህ ታወጣኛለህ ወይ?› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«‹አላውቅም› አልኳቸው። አላውቅም ነበራ! መንገዱ ለእኔ ለብቻዬም ጠቦኝ ነው የገባሁት። አሮጊት ይዤ ማለፌን በምን አውቃለሁ? እውነቱን ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁኝና ተመልሰው ተቀመጡ።»

የማጽናኛ ቃል ፈልጌ፣ «አወጣዎታለሁ ብለሃቸው መንገድ ላይ ቢሞቱብህስ ኖሮ? ያ አይብስም ነበር?» አልኩት።

እጁን ከሥራው አንሥቶ ደረቴን አየ።

«ብያቸው ቢሆን ምናልባት ይሞቱ ነበር» አለ። «አሁንም ሞቱ። ግን ያኔ ቢሆን እጄን ይዘው ነበር የሚሞቱት። በዚያ ጨለማ ውሃው አንገታቸው ሲደርስ ብቻቸውን አይሆኑም ነበር።»

ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ክሬን ጠቅልዬ ተሰናብቼው ወጣሁ።